በድንጋዩ ፊት ለፊት
የሐውልቱ መጋረጃ ሲገለጥ፣ ባሏን ጦርነት የበላባት ባልቴት ስሙን በዓይኗ ፈለገች። ፊት ለፊት በወርቃማ ፊደል ጎልቶ የተቀረጸው ግን የከንቲባው ስም ነበር፤ ከሥሩም ገንዘብ ያዋጡ ነጋዴዎች ተደርድረዋል።

«የእኛዎቹስ?» አለችው አጠገቧ የቆመውን አስተናጋጅ።

«ቦታ ጠቦ ነው፣ እማማ። ከጀርባው ‹ለጀግኖቻችን› ተብሏል።»

ከንፈሯን መጠጠች። ከንቲባው ለካሜራው ፈገግ እያለ፣ ማይክራፎኑን እንደጨበጠ፣ ሌላውን እጁን ዘረጋላት። ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠችውና እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ነፍስህን ይማረው፣ ልጄ» አለች፤ ድምጿ በአደባባዩ አስተጋባ። «መሞትህን አልሰማሁም ነበር።»

ከኋላ፣ ፀሐይ ላይ የተገተሩት የጦር ጉዳተኞች በክራንቻቸው እንደተደገፉ፣ አንድ በአንድ ለከንቲባው ኮፍያቸውን አወለቁለት።