ስልክ የማያነሳ ወንድም

ኤልቃና ለወንድሙ ለጌድዮን ለአሥረኛ ጊዜ ደወለ። ዝግ ነው።

«ይኼ ሰው ሊገለኝ ነው!» አለና ስልኩን የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ወረወረው።

ቢናደድ ማን ይፈርድበታል? ልቡ ምቱን ስቶ አንዴ ሲሮጥ አንዴ ሲንገዳገድ ዓመት አልፎታል። ሐኪሞቹ በጭኑ የደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተው የሚያስቸግረውን ቦታ ሊያቃጥሉለት ነው። ያን ጊዜ ደሙ እንዳይረጋ ማቅጠኛ ይሰጣል። የተለመደው ሄፓሪን ነው። እሱን ደግሞ አምና ቢወጉት ሰውነቱ አልቀበል ብሎ፣ ጭራሽ እግሩ ላይ ደም ረግቶበት ለጥቂት ተረፈ። ምትኩ ባይቫሊሩዲን ይባላል። ከኮተቤ እስከ አያት ያልተጠየቀ ፋርማሲ የለም። በመጨረሻ ጌድዮን፣ «ናይሮቢ አለ አሉኝ፤ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ሄጄ አመጣዋለሁ» ብሎ ሄደ። ሄዶ ቀረ።

ከውጭ የመጡት የልብ ሐኪሞች የሚቆዩት እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

«እንጦጦን በሩጫ እወጣለሁ እያለ ይፎክራል፤ አንድ መድኃኒት ማምጣት አቃተው?»

ሚስቱ ጵርስቅላ ዓይኗ ቀልቷል። «ጉንፋን ይዞኛል» አለች። ስልኩን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ዶክተሩ እንዳይናደድ ብሏል።»

ረቡዕ ጠዋት መድኃኒቱ መጣ። ያመጡት የእድራቸው ሊቀመንበር ጋሽ ከበበ ናቸው። ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል። ብልቃጦቹ ያሉት በጌድዮን ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ማንገቻው ተበጥሷል።

«እሱስ የት አለ፣ ጋሼ?»

«ጉዳይ ይዞት ነው፣ ልጄ። አንተ ብቻ ዳንልን።»

«ጉዳይ! ከወንድሙ የሚበልጥ ምን ጉዳይ አለው?»

ጋሽ ከበበ ብልቃጦቹን ለጵርስቅላ አስረክበው ወጡ።

ሐሙስ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ። ልቡ አደብ ገዛ። ሰፈርተኛው ሁሉ እየመጣ ጠየቀው፤ ብዙም ሳይቀመጥ ይነሳል። ጌድዮን ብቻ የለም። ኤልቃና አንጀቱ አረረ። አንድ እናት ያሳደገቻቸው ወንድማማቾች!

ከአሥር ቀን በኋላ ሐኪሙ፣ «ልብዎ ጠንክሯል፤ አሁን ምንም አይበግረውም» አለው።

«ምንም?» አለች ጵርስቅላ።

«ምንም።»

አለቀሰች። ኤልቃና የደስታ መሰለው።

በማግስቱ ማለዳ የኮተቤው ቤታቸው በር ተንኳኳ። ኤልቃና ከአልጋው ዘሎ ወረደ።

«መጣ ጉደኛው! ዛሬ ልክ ልኩን ነው የምነግረው!»

በሩን በኃይል ከፈተው።

ጋሽ ከበበና አራት የእድር ሽማግሌዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል።