ሽታ የሌለው ቆርቆሮ

ሱፍያን ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃና መጥበሻ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ዓሣ ያጠምዳል። የመበየጃው አሲድ ጭስ አፍንጫውን ካደነዘዘው ስድስት ዓመት አልፎታል። ወጡ ማረሩን የሚነግሩት ጎረቤቶቹ ናቸው።

ሀፍሷን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ጣጣው ከአባቷ ጋር ነው። ጋሽ ባህረዲን በርበሬ በረንዳ ቅመም የሚሸጡ፣ በአፍንጫቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ኮረሪማ አሽትተው የበቀለበትን ወረዳ ይናገራሉ። እሳቸውም እንደ ሱፍያን ዓሣ ማጥመድ ነፍሳቸው ነው፤ መንጠቆ ላይ የሚሰኩትን ሥጋ የሚቀቡበት የራሳቸው ቅባት አላቸው። የከረመ የበሬ ጉበት፣ ነጭ ሽንኩርትና አብሽ አለበት፤ የቀረውን የሚያውቁት እሳቸውና ፈጣሪያቸው ብቻ ናቸው። ብልቃጡ የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል።

«ይህ ቁልፍ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም» ይላሉ፣ ደረታቸውን መታ መታ እያደረጉ።

ሱፍያን ሽማግሌ የላከ ቀን የጋሽ ባህረዲን ሱቅ ደጃፍ በገበያተኛ ተሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ልጁን ሊያሞግሱ ብለው፣ ምንም ሳይቀባ ዓሣ የሚይዝ የቆርቆሮ ዓሣ መሥራቱን አነሡ። ጋሽ ባህረዲን ከት ብለው ሳቁ።

«አምባዛ ዐይኑ አተር አታክልም። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የሚያድነው እያሸተተ ነው። ወላሂ፣ ሽታ የሌለው ቆርቆሮ አምባዛ የያዘ ቀን ልጄን እሰጠዋለሁ! እስከዚያ ቆርቆሮውን ይደብድብ።»

ተራው በሙሉ ሰማ። ጋሽ ባህረዲን ደግሞ ሞተው ቢገኙ ቃላቸውን አያጥፉም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀፍሷ ሱቅ ውስጥ ማንጎራጎር ተወች። ምሳዋንም ሳትነካው ትመልሰው ጀመር። አባቷም እርድ ለጠየቃቸው ሁሉ ዝንጅብል ሲመዝኑ ሰነበቱ።

ሱፍያን ነገሩን እንደ ቀልድ አላየውም። «የፊታችን እሑድ ዝዋይ ላይ ይታይልኝ» ብሎ ላከባቸው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ አምባዛ ካልያዝኩ፣ ዳግመኛ ሽማግሌ አልልክም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ባህረዲን ሳይታሰብ ሱፍያን የሚሠራበት ድረስ መጡ። የቆርቆሮውን ዓሣ አገላብጠው አዩት። ጅራቱ ላይ መንጠቆ አለው፤ መንጠቆው ላይ ቀይ የሱፍ ክር ታስሯል።

«እኔ ዘንድ ይደር» አሉ። «ማን ያውቃል፣ ልጄ ቅባት ብታቀብልህስ?»

ሱፍያን ጠረጠራቸው። ሰውዬው መንጠቆውን ሊያዶለዱሙት ነው። እምቢ ቢል ግን ሌባ እሱ ሊመስል ነው። አንገቱን ደፍቶ ሰጣቸው።

በማግስቱ ማለዳ መሳለሚያ ተገናኝተው በተኮናተሩት ሚኒባስ ተሳፈሩ። ዳኛው የሁለቱም ወዳጅ፣ ባለሱቁ ውብሸት ነበር። ሚኒባሱን ገና ከመነሻው የጋሽ ባህረዲን ቅባት ሽታ ስለሞላው፣ ውብሸት አፍንጫውን ይዞ መስኮቱን ሁሉ ከፈተ። ሱፍያን የቆርቆሮ ዓሣውን ከጋሽ ባህረዲን እንደተቀበለ መንጠቆውን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው፤ ደም ወጣ። ገመዱ የሚታሰርበትን ቀለበት ሳበው፤ አልላላም። ታዲያ ተንኮሉ የቱ ጋ ነው?

«እስኪ ያሽትቱትና ይመስክሩ፣ ጋሼ» አለ ውብሸት። «ከርስዎ አፍንጫ የሚበልጥ ዳኛ የለንም።»

ጋሽ ባህረዲን ቆርቆሮውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ከእኔና ከሱፍያን በቀር የማንም እጅ አልነካውም» አሉ። ውብሸትም በዚህ ረካ።

ዝዋይ ላይ ጋሽ ባህረዲን እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁለት አምባዛ አወጡ። ሱፍያን ክንዱ እስኪዝል ወረወረ፤ ምንም የለም። ጋሽ ባህረዲን እየደጋገሙ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ በመጨረሻም ተቆጡ።

«ዓሣዬን አታስበርግግብኝ! ሂድ ወዲያ፣ ሸምበቆው ሥር ጣል!»

ከደህናው ቦታ እያባረሩት እንደሆነ ገባው። አንጀቱ እያረረ ሄደ። እዚያም ሲጥልና ሲስብ ዋለ፤ ፀሐይዋም ወደ ማዘቅዘቁ አደላች። የሀፍሷ ፊት ዐይኑ ላይ እየመጣ እንባው ሊያመልጠው ደረሰ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገመዱ ተወጠረ።

ጢማሙ አምባዛ ክንዱን ያህላል። ሱፍያን ዓሣውን አቅፎ ጭቃው ላይ ተቀመጠና ሳያፍር አለቀሰ። ውብሸት እስክስታ ወረደ። ጋሽ ባህረዲን ቆባቸውን መሬት ላይ ወረወሩት።

«ቃል ቃል ነው!» ብለው ጮኹ። «ውሰዳት!»

ሰኞ ዕለት በርበሬ በረንዳ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሱፍያን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለመጣው ሁሉ ያስረዳል፤ ዓሣ የሚከተለው ብልጭታና ንዝረት ነው፣ ሽታ የቅመም ነጋዴ ተረት ነው። ጋሽ ባህረዲን ኮረሪማ እየመዘኑ ሰሙት። ሲጨርስ የቆርቆሮውን ዓሣ ለሀፍሷ ሰጣት።

«አስቀምጪልን። ሽታ ከንቱ ለመሆኑ ምስክራችን ይቺ ናት።»

ሀፍሷ እያንጎራጎረች ተቀበለችው። ቀዩን ክር ወደ ፊቷ ስታስጠጋ ማንጎራጎሯን አቆመች። ደግማ አሸተተችው።

«አባዬ፣ ይሄ ክር እኮ ብልቃጥህን ይሸታል። ቁልፉን ማን ወስዶብህ ነው?»

ጋሽ ባህረዲን ከሚመዝኑት ኮረሪማ ቀና ሳይሉ፣ «ቁልፉማ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም» አሉ።