የፓኬቱ ዱቄት

ማይሙና የፓኬቱን ጫፍ በጥርሷ ቀደደችና ቢጫውን የካሪ ዱቄት ካሮቱ ላይ ገለበጠችው። ሽታው ገና ከድስቱ ሳይነሳ፣ መስኮቱ ስር ተቀምጣ ካሮት ትፍቅ የነበረችው ሩጋያ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ቲቲ ማይሙና፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሾርባ እየሠራሁ።»

«ወንድሜ ይህን የሱቅ ቅመም እዚህ ቤት ቢያገኘው እኮ ከነድስቱ ውጭ ነው የሚደፋው።»

«ይድፋው» አለች ማይሙና ማማሰያውን እያዞረች። «ተነስቶ ይድፋው። እኔስ ምን ጠላሁ?»

ሩጋያ የማይሙና ባል ታናሽ እህት ናት። ዕድሜያቸው ብዙም አይራራቅም፤ የወንድሟ ሚስት ስለሆነች ግን ዘወትር «ቲቲ» ትላታለች፣ እንደ ታላቅ እህት። ዛሬ ግን አጠራሯ ውስጥ ቁጣ ነበር።

ሰፈራቸው ቦካፕ ዳገት ላይ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ትልልቁን ድስት የሚጥደው ባሏ ቶየር ነበር። አራት መቶ ሰው አብልቶ ይመጣና፣ እጁን ሳይታጠብ የሚስቱን ድስት ከፍቶ ይቀምሳል። «ድንብላሉን አሳርረሽዋል» ይላል። «ቀረፋው የት ሄደ፣ አኩርፎ ነው?» ይላል። ማይሙና ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ ስትናደድ ኖራለች። አንድ ጊዜማ ጭልፋውን ወርውራበት እናቷ ቤት ሄዳ ሁለት ቀን ሰንብታለች።

ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ዛለ፣ አንደበቱ ተያዘ። ሐኪሙ ንግግሩ ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል ብሏል። እሷን ያስፈራት ግን ዝምታው አልነበረም። የሰጡትን ሁሉ መብላቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሆን ብላ ጨው ሳትጨምር አቀረበችለት፤ በላው። ማክሰኞ ሽንኩርቱን አሳረረችው፤ እሱንም አንገቱን ደፍቶ ጨረሰው። ያን ቀን ሳህኑን ስታጥብ፣ የጠፋው አንደበቱ ብቻ ባይሆንስ፣ ቶየር ራሱ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣባት። ለማንም አልተናገረችውም።

«የታመመ ሰው እንዲህ ይፈተናል?» አለች ሩጋያ።

«ለታመመ ሰው የሚሠራውን አራት ወር ሠራሁ። ዛሬ የሠራሁት ለቶየር ነው።»

ካሮቱን ነርሷ እንዳሳየቻት፣ ትን እንዳይለው ወፈር አድርጋ ፈጨችው። በጎድጓዳ ሳህን ቀድታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ቶየር ጠረጴዛው ጋ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነው። ውጭ ከተራራው የወረደው የክረምት ዝናብ ኮብልስቶኑን ያጥባል። ማንኪያውን በግራ እጁ ያዘ።

አንዴ ጎረሰ፣ ዋጠ። ደገመ። ሩጋያ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ማይሙና ፎጣውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች።

ሦስተኛው ማንኪያ መንገድ ላይ ቆመ። ቶየር አፍንጫው ድረስ አመጣው፣ አሸተተው፣ መልሶ ሳህኑ ውስጥ ከተተው። ሳህኑን አየ። ሚስቱን አየ። ከዚያ የከንፈሩ ግራ ጠርዝ ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ማ...» አለ።

ሩጋያ ቀና አለች።

«ማን... ነው... ይህን... የሠራ?»

ቃላቱ ወፍራምና የተንጋደዱ ነበሩ፤ ግን ቃላት ነበሩ። ሩጋያ አፏን በመዳፏ ያዘች። ማይሙና ግን ካለቀሰች እሱም ደንግጦ ዝም እንደሚል ስለገባት፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወገቧን ያዘች።

«እኔ ነኛ። ምን ይሁን?»

ቶየር ራሱን በቀስታ ነቀነቀ።

«አንቺ... አይደለሽም።»

ለማይሙና ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ድስቷን ሲከፍት ስህተት ሲፈልግ ነበር የመሰላት። ለካ እጇን ያውቀው ነበር።

ቶየር በአገጩ ወደ እህቱ ጠቆመ።

«እኔ?» አለች ሩጋያ፣ እንባዋን በክርኗ እየጠረገች። «እኔ ካሮት ነው የፋቅሁት። ስሜን አታጥፋ፣ ቡታ።» ታላቅ ወንድሟን የምትጠራው እንዲህ ነው።

ከደረቱ ሳል የመሰለ ነገር ወጣ። ሳቅ ነበር። ከዚያ ሳህኑን ገፍቶ አራቀና «ቀ...» አለ። ቆመ። «ቀ...» ግንባሩን አላበው። ማይሙና ቃሉን ልትጨርስለት አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። እሱ ግን ተናዶ ጠረጴዛውን በግራ መዳፉ መታው። ማይሙና የቅመም ጣሳዎቹን ከነትሪያቸው አምጥታ ፊቱ ደረደረችለት። ጣቱን ቀረፋው ላይ ጫነ። ቀጥሎ ዝንጅብሉን ነካ። ከሙኑን ከፍቶ አሸተተና ወደ እሷ ገፋው።

«ተነሺ፣ የቀረውን ካሮት ክተፊ» አለቻት ሩጋያን። «ሰውየው ምሳ አልበላም።»

ወንበሩን ምድጃው አጠገብ አስጠጉት። ማይሙና ቅቤ አቀለጠች፣ ዝንጅብሉን ጨመረች፣ ካሮቱን ገለበጠች፣ ሁለት እንጨት ቀረፋ ጣል አደረገች። ከኋላዋ የወንበሩ እጀታ ተንኳኳ። ዞር ስትል ቶየር አንድ ጣቱን አንስቷል።

«ሁለት ነው የሚገባው። ሁልጊዜም ሁለት ነው የምጨምረው» አለችው።

ጣቱን አላወረደም።

አንዱን እንጨት በማንኪያ አወጣችው። እንፋሎቱ ተነስቶ የመስኮቱን መስታወት አደበዘዘው። ማይሙና ፊቷን እንዳያይባት ጀርባዋን ሰጥታው፣ መማሰል የማያስፈልገውን ካሮት ቆማ ታማስላለች።