የተያዘው ሶፋ

በኦክላንድና በአካባቢዋ ለምትገኙ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ፦ በአቶ ተስፋጽዮን ሳሎን፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ሶፋ ከእንግዲህ የማይቀመጡበት መሆኑን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።

ነገሩ የተጀመረው በ1996 ሰመር ነው። አቶ ተስፋጽዮን እንግሊዝ ያለች እኅታቸውን ሊጠይቁ ሄደው አንድ አሮጌ ግንብ ጎበኙ። አስጎብኚዋ የአንዲት እመቤት መንፈስ ለዘመናት በአዳራሹ እንደሚንከራተት፣ ቁጭ በይ ያላትም ሰው እንደሌለ ስትተርክ ፈረንጆቹ ሳቁ። አቶ ተስፋጽዮን ግን ይሉኝታ ይዟቸው፣ «እኛም ቤት ብቅ ይበሉ፣ እመቤቴ» አሉ። ከተመለሱ ወዲህ ሶፋው ላይ ሰው አያስቀምጡም።

ዛሬ ልጃቸውን ሳሌምን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከኮንኮርድ መጡ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ወልደ ሚካኤል ወደ ሶፋው ሲያመሩ አቶ ተስፋጽዮን መንገድ ዘጉባቸው።

«እዚያ አይሆንም፣ ተይዟል።»

«ዳዲ፣ ፕሊዝ!» አለች ሳሌም ከኪችን።

«አንተ ሰውዬ፣ የልጄን ትዳር በሶፋ ልታፈርስ ነው?» አሉ ወይዘሮ እታገኝ ባላቸውን ቆንጥጠው። «ምኑ ነው የተያዘው? ባዶ አይደለም እንዴ!»

አቶ ወልደ ሚካኤል ፊታቸው ጠቆረ። «ለመናቅ አልመጣንም፤ እንሂድ» ብለው ኮፍያቸውን አነሡና ሶፋውን በንዴት ገላመጡት።

ጎድጎድ ብሎ የነበረው መቀመጫ፣ ተጭኖት የቆየ ሰው የተነሣ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

አቶ ወልደ ሚካኤል ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። «በእግዜር! አይነሡ እባክዎ፣ አይነሡ።»

«ማንን ነው?» አሉ ወይዘሮ እታገኝ።

«አልናገርም» አሉ ሽማግሌው። «ስለ ልጅቷ እናውራ፤ እኔ ቆሜ ይሻለኛል።»