የሚማታው በር

አናጢ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በር ስሰቅል ሰው የሚማታ በር አላጋጠመኝም ነበር።

የጠሩኝ አሮጊት ክንዳቸውን በሻሽ አንጠልጥለዋል። "ልጄ፣ ይኼ በር መታኝ" አሉ። ምራታቸው ዓይኗ ሥር በልዟል። "እኔንም እሱው ነው" አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። የትንሿ የልጅ ልጃቸውም ከንፈር አብጧል።

የቤቱ አባወራ አንድ ማጠፊያ ማጥበቅ እንዴት ያቅተዋል? አልኩ በሆዴ። ማጠፊያውን ሳየው ደህና ነው። በሩን ከፍቼ ለቀቅኩት፤ እንኳን ሰው ዝንብም አይመታም። ቢሆንም ጠርዙን ላስተካክለው ብዬ ነቀልኩትና ወደ ወርክሾፔ ወሰድኩት።

በማግስቱ ተሸክሜው ስመለስ የምራትየዋ ሌላኛው ዓይኗም በልዟል።

"ምነው እህቴ?"

"በሩ መታኝ።"

"ኧረ በሩ እኔ ጋ ነው ያደረው!"

አሮጊቷ ጸሎት ጀመሩ። በሩን ግድግዳው ላይ ሳስደግፍ ከውጭ የማይቸኩል ኮቴ ተሰማ። አሮጊቷ የጀመሩትን ጸሎት አቋረጡ። ትንሿ ልጅ ሮጣ ከኋላዬ ተወሸቀች፤ ሱሪዬን ጨምድዳ ይዛ በሹክሹክታ፦

"ጋሼ፣ በሩ መጣ" አለችኝ።