ያለ እጅ

ጋሽ ዓምደሚካኤል ለሰባተኛ ጊዜ ከወንበሩ ሊነሱ ሲሞክሩ እጃቸው አሁንም መደገፊያውን ጨበጠ። አይናዲስ የያዘችውን ሰዓት አቁማ «ያለ እጅ መነሳት አልቻሉም» ብላ ጻፈች። ስትሮክ የጣላቸው ሰዎች ቤታቸው ሆነው እንዴት እንደሚያገግሙ ለዶክትሬቷ ስታጠና ከርማለች፤ አራት ወር የተመላለሰችበት የዚህ የፒያሳ ቤት የመጨረሻ ልኬት ዛሬ ነበር። ስልኳ ሲጠራ እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ እያደረገች ወደ በረንዳው ወጣች።

አማካሪዋ ነበሩ። «ምንም ለውጥ የለም፣ ፕሮፌሰር» አለች፣ የመንገዱ የታክሲ ጡሩምባ እንዳይረብሻት አንድ ጆሮዋን ደፍና። ተናዳ በሩን ገፍታ ስትመለስ ሽማግሌው ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው ከወንበሩ ብድግ ሲሉ ደረሰች።

«ኖር፣ ዶክተር!»

«ኧረ በሞቴ አይነሱ፣ ጋሼ!» እንደ ሁልጊዜው ሮጣ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ከዚያ እጆቻቸውን አየች። ጋቢውን እንደጨበጡ ነበሩ። ሰዓቱን አነሳች።

«እስቲ... እንደገና ይነሱልኝ።»

ጋሽ ዓምደሚካኤል ግራ ገብቷቸው አዩዋት።

«ገብተሽ የለ እንዴ? አሁን ለማን ብዬ ልነሳ?»