ባህር የማያሳይ ክፍል

ሀፍሷ ባሏን የጠረጠረችው መክሳት ሲጀምር ነው። በዚህ ዕድሜው የሚከሳ ወንድ ወይ ታሟል፣ ወይ ወጣት ይዟል፤ ባህረዲን ደግሞ ሐኪም ቤት ሲሄድ አላየችውም።

መርካቶ ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ። ጨርቁን ከኢስታንቡል የሚልክላቸው ልጃቸው ሰሚር ነው። እሱም ከረመዳን ወዲህ ስልክ አያነሳም። «ስራ በዝቶበት ነው» ይላል ባህረዲን። «ያንተው ልጅ አይደል» ትለዋለች።

አንድ ቀን ሱቅ ስትገባ ባህረዲን ከጣቃዎቹ ጀርባ ሆኖ በስልክ ያወራል።

«ለሁለት ሰው ነው ልጄ። ቪዛውን፣ ትኬቱን፣ ማደሪያውን ደምረሽ ስንት እንደሚፈጅ ንገሪኝ። ከአቴንስ ወደ ደሴቷ በአውሮፕላን ይሁን። መርከቡ እንደሚረክስ አውቃለሁ፤ አልፈልግም። ሆቴሉ ደህና ይሁን፤ ብቻ ክፍሉ ባህር የሚያሳይ እንዳይሆን።»

ሀፍሷ ደሟ ፈላ። የግሪክን ደሴቶች በቴሌቪዥን አይታቸዋለች፤ ሙሽሮች የሚንሸራሸሩባቸው ናቸው። ባህሩን ያልፈለገበት ምክንያትም ገባት። መጋረጃ ዘግቶ ለሚከርም ሰው ባህር ምን ያደርግለታል?

«ማናት?» አለችው።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ለስራ ነው።»

«ግሪክ መጋረጃ ይሸመናል? በየትኛው ብር ነው የምትሄደው?»

«ለአርባ ስልሳው ቤት ባስቀመጥነው።»

እንዲህ አይኑን በጨው አጥቦ ይነግረኛል ብላ አልጠበቀችም። «ከጉሮሮዬ ነጥቄ ያጠራቀምኩትን ለሷ ልታበላ ነው?»

«ተይኝ ሀፍሷ። እነግርሻለሁ።»

«መቼ? ጠግበህ ስትመለስ?»

«አቅም ሳገኝ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ድሮስ መቼ ወንድ ሆነህ ታውቃለህ» አለችው፣ ደንበኛ እየሰማ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መኝታዋን ለየች። ራቱን ጠረጴዛ ላይ ወርውራለት ትሄዳለች። ጠዋት ስታየው አልተነካም። እዚያች ሴት ቤት በልቶ እየመጣ ነው ብላ ወጡን ለውሻ ደፋችው።

በሳምንቱ ተከተለችው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ገብቶ ወጣ። ከአይን እስኪሰወር ጠብቃ ገባች። ሻርፕ ያደረገች ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች።

«አሁን የወጣው ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚሄደው?»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሀፍሷ እባላለሁ። ሚስቱ ነኝ።»

ልጅቷ ብድግ አለች። «ከእርስዎ ጋር ነዋ እትዬ። ሁለተኛው ትኬት የሚቆረጠው በእርስዎ ስም ነው።»

ሀፍሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ እፍረቱ። ያን ምስኪን ሰው በሰው ፊት ስንት ነገር አለችው። ዛሬ የሚወደውን ሰርታ አብራው ልትበላ በልቧ ወሰነች።

«እኔን አሮጊቷን?» አለች ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች። «ምን ታይቶት ነው ደሴት የሚወስደኝ?»

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎት እትዬ፤ ደሴቷ ዳር ከባህር የወጣው ጀናዛ የሰሚር መሆኑን ለማረጋገጥ የአባትና የእናት ደም ይፈለጋል ብለዋቸው ነው።»